የአሮጌ ሞተር ጥቀርሻ፦ ከምንጩ ጀምሮ የማጽዳት መመሪያ

መኪናዎ ዳገት ላይ ሲጫን ያንኳኳል፤ ከወትሮው ይበልጥ ነዳጅ ይበላል፤ ቁልፉን ካጠፉም በኋላ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ለጥቂት ሰከንድ መዞሩን ይቀጥላል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ብዙ ጊዜ በፒስተኑ አናት፣ በቫልቮቹ ጀርባና በቴስታታው ውስጥ ጥቀርሻ ተጋግሯል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ማጽጃ ጨምርበትና ንዳው» ይላል፤ ሌላው «ቴስታታው ይውረድ» ይላል። ሁለቱም በቦታቸው ይጠቅማሉ፤ ግን ጥቀርሻው ለምን ተጠራቀመ የሚለውን ጥያቄ ይዘሉታል። ምንጩ ሳይታወቅ የጸዳ ሞተር ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይጠቁራል፤ የወጣው ገንዘብም ከንቱ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህ መመሪያ የሚሟገተው ለቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይመርመርና ይለካ፣ ቀጥሎ ምንጩ ይድረቅ፣ ከዚያ በቀላሉ ዘዴ ይጽዳ፤ ቴስታታ የሚወርደው ልኬቱ ሲያስገድድ ብቻ ይሁን።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ይመለከተናል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌውን ሽጦ የተሻለ መግዛት ከብዙ ባለንብረት አቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ በ1970ዎቹ የተሠራው ዲኤክስ ኮሮላ፣ ከባሕር ዳር በዱርቤቴ አድርጎ ቁንዝላ የሚመላለሰው ሚኒባስና እህል የሚጭነው አይሱዙ ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። የባለቤቱ እንጀራ በአንድ ሞተር ላይ በተንጠለጠለበት ቦታ፣ ሞተሩን ያለ በቂ ምክንያት መክፈትም ሆነ በቸልታ ማበላሸት ቀላል ጥፋት አይደለም።

ጥቀርሻው በጣና ዳር ለምን ይበዛል?

ጥቀርሻ ተቃጥሎ ያላለቀ ነዳጅና ዘይት ቅሪት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል እንዲነድ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል፤ አየሩ ካነሰ ካርቦኑ ሳይነድ ይቀርና በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከሰል ያለበት ምድጃ አየር ሲያጣ እንደሚጨሰው ማለት ነው። የጣና ዳር ከተሞች ቁንዝላና ባሕር ዳር የሚገኙት ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአምስት አንድ እጅ ያንሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ነዳጁን የሚመጥነው በአንዲት ትንሽ የናስ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቀዳዳዋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተመረጠችው ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገሮች ነው። ውጤቱ ሲሰላ፣ ምንም ሳይበላሽ ከፋብሪካ እንደወጣ የተቀመጠ ካርቡሬተር እዚህ ከሚገባው 10 በመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ ይሰጣል። በዚህ ላይ በበጋ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ሲጨመር የጥቀርሻው መብዛት ሊያስገርም አይገባም። እንግዲህ በዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የፒስተኑ እርጅና ሳይሆን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሞተሩ ሳይሞቅ መሥራቱ ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ እየተባለ በአጭር በአጭሩ የሚነዳ፣ ወይም ተራ እየጠበቀ በሚኒሞ ረጅም ሰዓት የሚቆም መኪና ውስጡ ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል። ከዚህም የከፋው ልማድ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «ቴርሞስታት ካለ ሞተሩ ይፈላል» የሚለው ስጋት ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ላይ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና። ነገር ግን የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ከሆነ ውስጡ ያለው ግፊት የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የሚፈላ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚፈላው በክዳን ማርጀት፣ በራዲያተር መደፈን፣ በውሃ ፓምፕ ወይም በቺንጊያ መላላት ነው። ቴርሞስታቱን መጣል ችግሩን ደብቆ ሌላ ችግር ይጨምራል፦ ነዳጁ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይረጥባል፣ ዘይቱ ይጨቀያል፣ ጥቀርሻውም ይወፍራል።

አንደኛ ደረጃ፦ ካንዴላዎቹን ያንብቡ

ሞተሩን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ከነዱ በኋላ ያጥፉትና እስኪበርድ ይጠብቁ። የካንዴላዎቹን ዙሪያ በንፋስ ወይም በብሩሽ ያጽዱ፤ ይህ ካልተደረገ አሸዋው ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ከዚያ አንድ በአንድ ፈትተው፣ የየትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ቁጥር በተጻፈበት ካርቶን ላይ በተርታ ያስቀምጧቸው። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫማ ቡና ዓይነት ከሆነ ቃጠሎው ደህና ነው። ደረቅ፣ ልስላሴ ያለው፣ በጣት ሲነካ እንደ ከሰል ዱቄት የሚያጠቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር፣ ሲነካም የሚያዳልጥ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፤ ይህም ከፋሻ ወይም ከቫልቭ ጎማ ማርጀት ይመጣል። ነጣ ያለ ቅርፊት የሠራ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሲቃጠል የቆየ ዘይት አመድ ነው።

ከየካንዴላው ቀለም ይልቅ ንጽጽሩ የበለጠ ይናገራል። አራቱም በእኩል ከጠቆሩ ምክንያቱ ለአራቱም የጋራ በሆነ ነገር ውስጥ ነው ያለው፦ በካርቡሬተር፣ በፊልትሮ፣ በቾክ፣ በቦቢና ወይም በቴርሞስታት። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከጠቆረ ወይም ከረጠበ ችግሩ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ካርቡሬተር ቢቀየርም አይፈታም። ይህን ለይቶ ማወቅ ምንም ወጪ የለውም፤ ሳይለዩ ሥራ መጀመር ግን ያለ አስፈላጊነት ቴስታታ ያስወርዳል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ኮምፕሬሽን ይለኩ

«አሮጌ ሞተርን ጥቀርሻው ነው አፍኖ የያዘው፤ ካጸዱት ዘይት መብላት ይጀምራል» የሚል ሥር የሰደደ እምነት አለ። ጨርሶ መሠረተ ቢስ አይደለም። ፋሻው ባለቀ ሞተር ውስጥ በፒስተኑ ጠርዝ ላይ የደረቀው ጥቀርሻ ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ በጥቂቱ ይከላከላል። ከዚህ ተነሥቶ «አትንኩት» ማለት ግን ስህተት ነው። ያው ጥቀርሻ በፋሻው ቦይ ውስጥ ገብቶ ፋሻውን ሲያጣብቀው ዘይት መብላቱን የሚያመጣው ራሱ ነው፤ በጭስ ማውጫ ቫልቭ መቀመጫ ላይ ሲቀመጥ ቫልቩ እንዳይገጥም አድርጎ ያቃጥለዋል። ሞተርዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ ልኬት ይነግርዎታል። ስለዚህ ከማንኛውም ማጽጃ በፊት ይለኩ።

ሞተሩ ሞቅ ባለበት ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥተው የቦቢናውን መስመር ይንቀሉ። መለኪያውን በአንደኛው ሲሊንደር ላይ ይሰኩ፤ አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን በሞተሪኖው ያዙር፤ ቀስቱ ሲወጣ ቆሞ እስኪረጋ ድረስ ይጠብቁና ቁጥሩን ይጻፉ። ሌሎቹንም እንዲሁ። እዚህ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። በባሕር ጠለል 170 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በጣና ዳር 137 ገደማ ብቻ ያሳያል። ይህን ያላገናዘበ ሰው ጤነኛውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ያስወርደዋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ቁጥር በአንድ አምስተኛ ቀንሰው ያነጻጽሩ፤ ከዚህም ይበልጥ የሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ልዩነት ይመልከቱ። ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ድጋሚ ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ቁጥሩ ከሚገባው በላይ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጥቀርሻው የመንደጃውን ቦታ አጥብቦታል ማለት ነው፤ ዳገት ላይ የሚሰማው ማንኳኳት አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ጥቀርሻው ግሎ እንደ ፍም በመቆየቱ ነዳጁን ያለ ጊዜው ማቀጣጠሉ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ምንጩን ያድርቁ

የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ይያዙት፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይቀይሩት። በበጋ የጠጠርና የአፈር መንገድ ላይ የሚሠራ መኪና ፊልትሮው ከመጽሐፉ ጊዜ ቀድሞ ይታፈናል። ቾኩ ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ፤ ሽቦው ደርቆ ግማሽ ተዘግቶ የቀረ ቾክ በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ሳይታወቅ ይኖራል። በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ያለው የነዳጅ ከፍታ ከልኩ እንዳያልፍ፣ መዝጊያው መርፌም እንዳያፈስ ይታይ። ፑንቲና ያለው መኪና ከሆነ ክፍተቱ ይስተካከል፤ ደካማ እሳት ደህናውን ምጣኔ ሳይቀር ያጠቁረዋል። ቴርሞስታት ከሌለ ይግባ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አራቱም ካንዴላዎች አሁንም ከጠቆሩ የካርቡሬተሩን ዋና የነዳጅ ቀዳዳ በአንድ ደረጃ ጠበብ ባለ መቀየር ይቻላል። ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከቁንዝላ በገለጎ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በታች ይገባል፤ እዚያ አየሩ ይወፍራል፤ ለጣና ዳር የጠበበው ቀዳዳ እዚያ ነዳጅ ያሳንሳል። ነዳጅ ያነሰው ቃጠሎ ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቭን ያቃጥላል። ስለዚህ ምርጫው የመኪናውን ዋና መንገድ ይከተል። አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዳር ዙሪያ የሚውል መኪና ይጥበብለት፤ ቆላና ደጋ የሚመላለስ ግን በፋብሪካው ልክ ይቆይና ሌሎቹ ነገሮች ይጠበቁለት።

ነዳጁም ራሱ ይመርመር። ማደያ በራቀበት ወይም ነዳጅ ባጠረበት ጊዜ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ይሸጣል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዝ ከቤንዚን ይከብዳል፤ በደንብ አይተንም፤ ማንኳኳትን ያመጣል፤ ጥቀርሻም ያበዛል። ቀላል መፈተኛ አለው፦ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል፤ ከባድ ነገር የተቀላቀለበት ግን ቅባታማ ክብ ትቶ ይቆያል። ፈተናው ሁሉንም ቅልቅል ባይለይም ግልጹን ያጋልጣል።

አራተኛ ደረጃ፦ ሳይከፍቱ ማጽዳት

ምንጩ ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ማጽጃ መንገዱ ራሱ ነው። ቃጠሎው የተስተካከለ ሞተር በሚገባ ሲሞቅና ሲጫን ለስላሳውን ጥቀርሻ በራሱ እያቃጠለ ያወጣል። ለዚህም ከባሕር ዳር በመራዊ ወደ ዳንግላ የሚወጣው ዓይነት ረጅም የአስፋልት መንገድ ይስማማል፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንድ ማርሽ ዝቅ ብሎ፣ ሕጋዊውን ፍጥነት ሳያልፉ፣ መካከለኛ ጭነት ባለው ረገጣ ለግማሽ ሰዓት ያህል መንዳት። ቆሞ በባዶ ማርሽ ጋዝ መስጠት ግን ይህን አይተካም፤ ጭነት በሌለበት የመንደጃው ክፍል የሚፈለገውን ያህል አይግልም፤ የሚተርፈው ጩኸትና የባከነ ነዳጅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው በነዳጅ ታንክ የሚጨመር ማጽጃ ነው። «ውሃ ነው የሚሸጡልን» የሚል ጥርጣሬ የብዙ ሰው ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እኩል ስላልሆነም ጥርጣሬው ይገባል። ሆኖም ማጽጃ የሚባለው ነገር በመሠረቱ ውሸት አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሸጥ ቤንዚን ሁሉ ማጽጃ እንዲጨመርበት በሕግ ያስገደደችው ቫልቭና የነዳጅ መርጫ በጥቀርሻ እንደሚታፈኑ ስለታወቀ ነው። ሲገዙ በጠርሙሱ ላይ ፖሊኢተር አሚን የሚባለው ንጥረ ነገር መኖሩን ይመልከቱ፤ የቆየ ጥቀርሻን በማላቀቅ የታወቀው እርሱ ነው። በተጻፈው መጠን ብቻ ይጨምሩ፤ እጥፍ መጨመር እጥፍ አያጸዳም። ታንኩ ሲያልቅ የሞተር ዘይቱን ከነፊልትሮው ይቀይሩ፤ የተላቀቀው ቆሻሻ ከፊሉ ወደ ዘይቱ ይወርዳልና።

በየጋራዡ የሚታወቀው የውሃ ዘዴም አለ። ማስረጃው በራሱ በሞተሩ ውስጥ ይገኛል፦ ጓርኒሲዮኑ ተበልቶ ውሃ ሲያስገባ የቆየ ሲሊንደር ሲከፈት ፒስተኑ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ታጥቦ ይገኛል። የገባው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ጥቀርሻውን ይሰነጥቀዋል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ስህተትን አይምርም። በ1,290 ሲሲ ዲኤክስ ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ክፍት ቦታ 40 ሲሲ ገደማ ብቻ ነው፤ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ማለት ነው። ውሃ አይታመቅም፤ ከዚህ የበለጠ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሲሊንደር ከገባ የፒስተኑን ክንድ ያጣምመዋል። ስለዚህ ከጠርሙስ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ 2,000 ዙር ገደማ ላይ ተይዞ፣ ንጹሕ ውሃ በአበባ መርጫ እንደ ጉም ብቻ፣ በየመሀሉ እያረፉ ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ይረጫል። ለአንድ ጊዜ ሩብ ሊትር ይበቃል። ሞተሩ መንተፋተፍ ከጀመረ ያቁሙ። ሲጨርሱ ውሃው እስኪደርቅ ድረስ ይንዱት። ይህ የሚሠራው ለካርቡሬተር ቤንዚን ሞተር ብቻ ነው፤ ለናፍጣ ሞተር አይሞከርም።

አምስተኛ ደረጃ፦ የተጣበቀ ፋሻን ማላቀቅ

ዘይት በመጨመር የተደረገው ልኬት ወደ ፋሻ ከጠቆመ፣ ሞተሩን ከማውረድ በፊት አንድ ዕድል ይስጡት። ፋሻው ያለቀ ሳይሆን በጥቀርሻ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ለብ ብሎ ሳለ ካንዴላዎቹን ያውጡ፤ አራቱም ፒስተኖች መካከል ላይ እንዲቆሙ ሞተሩን በእጅ ያዙሩት፤ አንደኛው ጫፍ ከደረሰበት ሩብ ዙር ማለት ነው። በየቀዳዳው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የካርቦን ማሟሚያ ይጨምሩና ካንዴላዎቹን በልል አስገብተው ያሳድሩት። ጠዋት ካንዴላዎቹን አውጥተው፣ ቀዳዳዎቹን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነው፣ የቦቢናው መስመር እንደተነቀለ በሞተሪኖ ያዙሩት። ፈሳሹ በኃይል ይወጣልና ፊትዎን ያርቁ፤ በአካባቢው እሳትም ሲጋራም አይኑር። ከሁሉ በላይ ይህን አይርሱ፦ ማሟሚያው ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን አቅጥኖታል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ዘይቱና ፊልትሮው መቀየር አለባቸው። ከዚያ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተው ኮምፕሬሽኑን ድጋሚ ይለኩ። ከፍ ካለ ገንዘብዎን አተረፉ፤ ካልተለወጠ ፋሻው አልቋል፤ አሁን ሞተር ቢወርድ በማስረጃ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ቴስታታ ማውረድ ሲያስፈልግ

ልኬቱ ቫልቭን ካመለከተ ወይም ማንኳኳቱ ከሁሉም በኋላ ካልጠፋ ቴስታታው ይውረድ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፤ በትኩሱ የተፈታ የአልሙኒየም ቴስታታ ይጣመማል። ቡሎኖቹ ከዳርና ከዳር ወደ መሃል፣ እያንዳንዱ ጥቂት በጥቂት እየላላ ይፈቱ። ጥቀርሻው በእንጨት ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይፋቅ፤ ካቻቢቴና የብረት ምላጭ አልሙኒየሙን ይጭራሉ፤ የተጫረው ቦታ ደግሞ ለሚቀጥለው ጥቀርሻ መያዣ ይሆናል። የቴስታታውን ውስጥ ሲያጸዱ ቫልቮቹ እንደተዘጉ ይሁኑ፤ መቀመጫቸው እንዳይጎዳ። በፒስተኖቹ በኩል የውሃና የዘይት ቀዳዳዎችን ሁሉ በጨርቅ ይድፈኑ፤ በፒስተኑና በሲሊንደሩ መሃል ባለው ክፍተት ዙሪያ ጥቂት ግሪስ ይቀቡና ፍቅፋቂው በግሪሱ ተይዞ እንዲወጣ ያድርጉ። የብርጭቆ ወረቀት እዚህ አይግባ፤ የአሸዋው ብናኝ ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። ፋሻው ደከም ያለ ሞተር ከሆነ በፒስተኑ ጠርዝ ዙሪያ ያለውን ቀጭን የጥቀርሻ ቀለበት ሳይነኩ ይተዉት። የድሮ መካኒኮች ይህን ይመክሩ ነበር፤ ቀደም ሲል ለተነሣው ስጋትም ተገቢው መልስ ይኸው ነው፦ የሚጠቅመውን ትቶ የሚጎዳውን ማንሣት።

ቫልቮቹ ሲወጡ የየራሳቸው ቦታ ይመዝገብ፤ ከመቀመጫቸው ጋር በማሟሻ ቅባት ታሽተው ዙሪያውን ያልተቋረጠ ግራጫ ቀለበት እስኪያሳዩ ይሟሹ፤ ቅባቱም እስከ መጨረሻው ይታጠብ። የቴስታታው ፊት በቀጥ ያለ ብረት ይፈተሽ፤ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ይግባ። አሮጌ ጓርኒሲዮን ተመልሶ አይገባም። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በመጽሐፉ ልክ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጥበቁ። የቫልቮቹ ክፍተት እንደገና ይስተካከል።

የናፍጣ ሞተር ለብቻው

ለሚኒባስና ለአይሱዙ መንገዱ ይለያል። የቤንዚን ማጽጃም፣ በአየር መሳቢያው የሚረጭ ማሟሚያም፣ ውሃም አይጠጋቸው። ናፍጣ ሞተር በኮምፕሬሽን ስለሚያቀጣጥል በአየር መሳቢያው የገባውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ እንደ ነዳጅ ይጠቀምበታል፤ ቁልፍ ቢጠፋም ከቁጥጥር ውጪ ሊሮጥ ይችላል። የናፍጣ ጥቀርሻ ዋና ምንጩ ሁለት ነው፦ በጉም ፈንታ በጠብታ የሚያንጠባጥብ መርጫና ለከፍታው ያልተስተካከለ ፓምፕ። ጭነት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ መኪና አየሩ የማያቃጥለውን ነዳጅ እየወሰደ ነው። መርጫዎቹ በመፈተሻ ማሽን ይታዩ፤ የፓምፑ ከፍተኛ የነዳጅ መጠን ለዚህ ከፍታ ይቀነስ። «ጉልበት ያጣል» የሚለው ተቃውሞ የሚታየውን ጭስ አይመለከትም፤ ጭስ ሆኖ የሚወጣው ነዳጅ ጉልበት አልሰጠም። በጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ ካንዴሌታዎቹ ይፈተሹ፤ ተራ ሲጠበቅም ሞተሩ ይጥፋ።

የወጣው ቆሻሻ የት ይሂድ?

የተቀየረው ዘይትና ያገለገለው ማሟሚያ በጀሪካን ተሰብስቦ፣ ተከድኖ፣ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ይሰጥ። ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቁ ዳር መድፋት በማንም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል፤ ከመዝገቡ በላይ ግን ዓሣውን የሚበላውና ውሃውን የሚቀዳው የዳሩ ሰው ነው። የጋራዥ ሥራ በሰው ውሃ ላይ ሊያልቅ አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፦ መዝገብ። የየሲሊንደሩን ኮምፕሬሽን፣ የካንዴላውን ቀለም፣ ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዱ በኋላ ካንዴላዎቹን ድጋሚ አውጥተው ከደብተሩ ጋር ያነጻጽሩ። ቡናማ ከሆኑ ምንጩ ደርቋል፤ ከጠቆሩ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይመለሱ፤ ወደ ስድስተኛው አይዝለሉ። መካኒክዎ «ሞተሩ ይውረድ» ሲልዎትም ቁጥሩን ይጠይቁት። በሥራው የሚተማመን ባለሙያ ቁጥር ለማሳየት አይቸገርም፤ እርስዎም ቁጥሩን በያዙ ጊዜ ሁለታችሁም የምትነጋገሩት ስለ ግምት ሳይሆን ስለ ሞተሩ ይሆናል።